ጅማ ላይ ሸማኔውን ያሰረው ክር ነው

የሽመና ሥራ ተዳከመ ሲባል ጅማ ላይ መጀመሪያ የሚወቀሰው የታተመ ጨርቅ ነው። ሐሙስ ገበያ የወጣ ሰው ምክንያቱን በዓይኑ ያየዋል፤ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ፖሊስተር ላይ ታትሞ በሜትር እየተለካ ይሸጣል፣ ከሩቅ ሲያዩት ከእጅ ሥራው አይለይም፣ ዋጋው ግን ከእጅ ሥራው የትና የት ይረክሳል። ወቀሳው እውነት አለው። ይሁን እንጂ የታተመው ጨርቅ ነገ ከገበያ ቢጠፋ እንኳ አብዛኛው ሸማኔ ዛሬ ካለበት ፈቀቅ አይልም። ያሰረው ነገር ከጨርቁ ይቀድማል፤ ክር ነው። ገቢውን የሚወስነው ክሩን በየትኛው ወር እንደሚገዛ፣ በማን ገንዘብ እንደሚገዛ፣ ምን ዓይነት ክር እንደሚደርሰውና በአንድ ጊዜ ስንት ሜትር እንደሚያደራ፣ ማለትም በጨርቁ ርዝመት የሚወጠረውን የድር ክር ስንት ሜትር አድርጎ እንደሚያዘጋጅ ነው።

ጅማ የቡና እንጂ የጥጥ አገር አይደለችም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ዝናቡ በበልግ ገብቶ ክረምቱን አልፎ መስከረምን ይሻገራል። ጥጥ ደግሞ ሲፈነዳ ፀሐይ ይፈልጋል። ፈንድቶ ሳለ ዝናብ ከመታው ይጠቁራል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። ስለዚህ ጥጡ ድሮም የሚመጣው ከቆላ ነበር፤ ሙያውም አብሮ መጣ። በጅማ ሽመና ላይ የዳውሮ፣ የኮንታና የጋሞ ተወላጆች እጅ ጎልቶ መታየቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በነገሡበት ዘመን፣ ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም፣ የጅማው የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚሰበስብ ትልቅ ገበያ ነበር። ሸማኔውን ወደ ጅማ የሳበው ጥጥ አይደለም፤ ለባሽ ነው። ይህ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፦ ገበያው እዚሁ ነው፣ ጥሬ ዕቃው ሩቅ ነው።

ርቀቱ ዛሬ በኪሎ ሜትርም በብርም ይቆጠራል። የድር ክር ከአገር ውስጥ ፋብሪካ፣ የጥለት ክር አብዛኛው ከውጭ መጥቶ፣ አዲስ አበባ መርካቶ አርፎ፣ ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው ጅማ የሚገባው። በየእጁ ትርፍ ይጨመርበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባለቀለሙ ክር ተመኑን ተከትሎ ወጣ። የአገር ውስጡም ማቅለሚያውና የማሽኑ መለዋወጫ ከውጭ ስለሚመጣ አልቀረለትም። የጋቢ ዋጋ ግን በዶላር ፍጥነት አይወጣም፤ ገዢው የቡና ገበሬ ነው፣ መምህር ነው፣ ልጇን የምትድር እናት ናት።

ነሐሴ ላይ የሌለው ገንዘብ

የጅማ ሸማኔ ዓመት የሚዞረው በቡና ነው። በመስከረም እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ኢሬቻ ተከታትለው ይመጣሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል፣ ገንዘብ ገበሬው እጅ ይገባል። ጥርና የካቲት ሠርግ ነው። ረመዳንና ኢድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ ስለሚመጡ የእነርሱን ገበያ በየዓመቱ እንደ አዲስ ማስላት ያስፈልጋል፤ ጅማ ላይ ይህን ያላሰላ ሸማኔ ትልቅ ገበያ ያመልጠዋል። ከመስከረም ጀምሮ የሚሸጠው ጨርቅ ግን የሚደራው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያኔ ቡና አልደረሰም፣ ሠርግ የለም፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ ደርሷል። ክር የሚያስፈልግበት ወርና ገንዘብ የሚገኝበት ወር አይገናኙም።

ክፍተቱን የሚሞላው ክር የሚሰጠው ነጋዴ ነው። ክሩን በሚዛን ያስረክባል፣ ጨርቁን ተረክቦ በቁራጭ ይከፍላል። በዚህ ውስጥ ነጋዴውን ብቻ ክፉ አድርጎ ማየት አይገባም፤ ገንዘቡን ለወራት አስሮ የሚጠብቀው እሱ ነው፣ ጨርቁ ካልተሸጠም የሚከስረው እሱ ነው። ውጤቱ ግን ለሸማኔው ከባድ ነው። ክሩን አልመረጠም፣ ቀለም የሚለቅ ክር ቢሰጠው ስሙ የሚጠፋው የእሱ ነው። የጨርቁን ዋጋ የሚቆርጠውም እሱ አይደለም። በድር ላይ የሚባክነው ጫፍ፣ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ተመዝኖ በበጋ ደርቆ የሚጎድለው ክብደት፣ ሁሉም እሱ ላይ ይቆጠራል። ጥጥ እርጥበት የሚጠጣ ነገር ነው፤ በክር ንግድ ስሌት በየ100 ኪሎው ደረቅ ጥጥ 8.5 ኪሎ ውሃ እንዳለ ይታሰባል፣ እርጥብ መጋዘን ውስጥ የሰነበተ ክር ደግሞ ከዚያ በላይ ይይዛል። ክር በኪሎ ተረክቦ ጨርቅ በኪሎ የሚያስረክብ ሸማኔ ይህን ካላወቀ ሌባ እስከ መባል ይደርሳል።

ክር ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፣ በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ርዝመትም ያድጋል። 20 ቁጥር የጥጥ ክር በኪሎ ወደ 33,900 ሜትር ይወጣዋል፤ 40 ቁጥር ወደ 67,700 ሜትር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድርብ ክር ላይ ነው። ሁለት 40 ቁጥር ክር ተገምዶ አንድ ሲሆን ርዝመቱ ከ20 ቁጥር ጋር እኩል ይሆናል። ካርቶኑ ላይ 40 ተጽፎ ያየ፣ ነጠላ ይሁን ድርብ ያልጠየቀ ሰው ድሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ክሩ ያልቅበታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። 100 ሜትር ክር ተለክቶ በወርቅ ሚዛን ሲመዘን 20 ቁጥሩ 3 ግራም ለመሙላት ጥቂት ይቀረዋል፣ 40 ቁጥሩ አንድ ግራም ተኩል ያህል ነው። ድርብ ክር ለድር ጥሩ ነው፤ ጸጉር አያወጣም፣ ሙቅ መቀባትም ብዙ አያስፈልገውም። መጥፎ የሚሆነው በነጠላ ክር ስሌት ሲገዛ ነው።

አጭር ድር የሚበላው

ገንዘብ ያጠረው ሸማኔ አጭር ድር ያደራል። ይህ ቁጠባ ይመስላል እንጂ ከሁሉ የከፋው ብክነት ነው።

በቁጥር እንየው። 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በየሴንቲ ሜትሩ 14 የድር ክር የሚገባበት ጨርቅ 1,120 ክር ይፈልጋል። 20 ሜትር ቢደራ 22,400 ሜትር ክር ነው፤ በ20 ቁጥር 660 ግራም፣ በ40 ቁጥር 330 ግራም ገደማ። ከዚህ ውስጥ ጨርቅ የማይሆን አለ። መነሻው ላይ የሚቋጠረውና መጨረሻው ላይ መወርወሪያው፣ ማለትም የአግድሙን ክር በድሩ መሐል የሚያሻግረው ዕቃ፣ የማይደርስበት ጫፍ ተደምሮ 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከ20 ሜትር ላይ የባከነው 3.5 በመቶ ነው። ያው ሰው አምስት ሜትር አምስት ሜትር እያደረገ አራት ጊዜ ቢያደራ 70 ሴንቲ ሜትሩ አራት ጊዜ ይሄዳል። 2.80 ሜትር ድር፣ 14 በመቶ ማለት ነው። ለአንድ የነጠላ ልብስ አንድ ፊት የሚበቃ ድር እግር ሥር ወደቀ።

ድካሙም እንዲሁ ነው። ድር ባለቀ ቁጥር የአዲሱ ድር ጫፍ ከአሮጌው ጫፍ ጋር ክር በክር ይቋጠራል። 1,120 ክር በደቂቃ ስድስት ቢቋጠር ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለ20 ሜትሩ አንድ ጊዜ፣ ለአራቱ አጫጭር ድሮች አራት ጊዜ፤ ከ12 ሰዓት በላይ ቁጭ ብሎ መቋጠር፣ አንዲት ጣት እንኳ ጨርቅ ሳይሠሩ። በቁራጭ የሚከፈለው ሰው ለዚህ ጊዜ አምስት ሳንቲም አያገኝም።

ረጅም ድር የራሱ ችግር አለው፤ ቦታ ይፈልጋል። በችካል ላይ የሚደራ 20 ሜትር ድር ቤት ውስጥ አይገባም፣ ደጅ ከተደራም የጅማ ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም። ለዚህ ዙሪያውን ችካል የተተከለበት የእንጨት ማድሪያ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ መስቀል መፍትሔ ነው። ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ማድሪያ አሥር ጊዜ ሲመላለሱበት 20 ሜትር ይሆናል። ክሩ በየመዞሪያው ጫፍ ላይ መስቀለኛ መተላለፉ ግድ ነው፤ ክሮቹ ተራቸውን የሚያውቁት በዚያ መስቀለኛ ነው። መስቀለኛው በገመድ ሳይታሰር ድሩ ከችካሉ ከወጣ 1,120 ክር አንድ ላይ ይተበተባል፣ የመጨረሻው አማራጭ መቀስ ይሆናል። እጅ እኩል ካልሳበም የመጀመሪያዎቹ ክሮች ጠብቀው የመጨረሻዎቹ ይላላሉ። ጨርቁ ሲሠራ የላላው በኩል ያብጣል፣ የጠበቀው በኩል ይበጠሳል። አንዱ ሲደክም ሌላው የሚተካው ከሆነ በመሐል ክር ላይ ሳይሆን ተራ ሲያልቅ መተካት አለበት፤ የሁለት ሰው እጅ እኩል አይስብም።

ፈታይዋ

ስለ ሽመና ሲወራ የሚረሳ ሰው ቢኖር ፈታይዋ ናት። የጅማ ብርድ ማለዳ ላይ ጋቢን ጋቢ የሚያደርገው በእጅ የተፈተለው ማግ፣ ድሩን በስፋቱ እያቋረጠ የሚገባው ክር ነው። የፋብሪካ ክር ጠንከር ብሎ ይገመዳል፣ አየር አይዝም። በእንዝርት የተፈተለ ማግ ለስለስ ያለ ነው፣ በውስጡ አየር ይዞ ያሞቃል፣ በታጠበ ቁጥርም ያብባል። ለዚህ ግን ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው መውጣት፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ መሆን አለበት። ሳይነደፍ የተፈተለ ጥጥ ጓጓላ ያወጣል፣ ጓጓላው ድሩን እያነቀ ይበጥሳል። ግመዱ ከላላ ማጉ በእጅ ሲሳብ ይፈታል፤ ከጠበቀ ደግሞ እየተጠማዘዘ ቀለበት ይሠራል፣ ቀለበቱ ጨርቁ ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ከላይ ያየነው 20 ሜትር ድር ጫፉ ተነስቶለት፣ 7 በመቶ ያህል ደግሞ ሲሠራ ተጨማዶ፣ ወደ 18 ሜትር ጨርቅ ይሰጣል። በየሴንቲ ሜትሩ 12 ማግ ቢገባ መወርወሪያው 21,600 ጊዜ ያልፋል፣ የጠርዙ መመለሻ ተጨምሮ 18,360 ሜትር ማግ ይፈጃል። ሸማኔው በደቂቃ 20 ጊዜ ቢወረውር ይህን በ18 ሰዓት ይጨርሰዋል። አንዲት ሴት በሰዓት 80 ሜትር ብትፈትል ግን ያንኑ ማግ ለማድረስ 230 ሰዓት ትቀመጣለች። ለአንድ ሸማኔ 13 ያህል ፈታይ ማለት ነው፣ መዳመጡና መንደፉ ሳይቆጠር። ሸማኔው አነሰኝ የሚለው ክፍያ ለእሷ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ መገመት አያዳግትም። እንዝርቱን እየተወች ሻይና እንጀራ ወደ መሸጥ የምትሄደው ሰንፋ አይደለም፤ ሂሳቡ ገብቷት ነው።

ስለዚህ «ሙሉ ፈትል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ጋቢ ካለ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ፈትል አይደለም፣ ወይ የፈታይዋ ድካም አልተከፈለም። ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከእጅ አድርጎ ይህንኑ በግልጽ ለገዢው መናገር ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ነው። ፈትሉም የሚገዛው በልቃቂት ግምት ሳይሆን በርዝመትና በጥራት ቢሆን ጥሩ የፈተለችና ያበላሸች እኩል አይከፈላቸውም ነበር። አንድ ሜትር ዙሪያ ባለው መጠቅለያ ላይ መቶ ዙር መጠቅለል መቶ ሜትር ነው፤ ማንም ቤት ውስጥ ሊሠራው የሚችል መለኪያ ነው።

ዝናብና ጉድጓድ

ጅማ ለሽመና የሰጠችው ስጦታ አየሯ ነው። ጥጥ ሲርስ ከደረቀው ይልቅ ይጠነክራል፤ ደረቅ አየር ውስጥ ድር ቶሎ ቶሎ ስለሚበጠስ የክር ፋብሪካዎች ወጪ አውጥተው አዳራሻቸውን ያርሳሉ። ጅማ ላይ ይህ በነጻ ይገኛል። የሚያስቸግረው ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

የተለመደው መሥሪያ ጉድጓድ ያለው ነው። ሸማኔው ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ አውርዶ መርገጫዎቹን ይረግጣል፤ አንዱ ሲረገጥ ግማሹ ድር ይነሳል፣ ሌላው ሲረገጥ ሌላው ግማሽ። በክረምት ያ ጉድጓድ ውሃ ያመነጫል። የመርገጫው ገመድ ይርስና ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ድሩ እኩል መከፈቱን ይተዋል፣ መወርወሪያው ክር እየዘለለ ይሄዳል። ሸማኔው ስሕተቱን ድሩ ላይ ሲፈልግ ይውላል፣ ችግሩ ያለው ግን እግሩ ሥር ነው። ከዚያም በላይ ጉልበትና ወገብ አለ፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ አፈር ውስጥ የከረመ እግር በአርባ ዓመቱ ያረጃል።

ጉድጓዱን በሲሚንቶ መለሰን ብቻውን አይበቃም፤ ውሃው ከውጭ በግድግዳ በኩል ይመጣል። ዙሪያውን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ክትር፣ ከቤቱ ውጭ ከጉድጓዱ ወለል ዝቅ ብሎ የተቆፈረ ቦይ፣ ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ያስፈልጋል። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው የሲሚንቶ ወለል ያለው ሼድ ለሚሠሩ ደግሞ መቆፈር ስለማይቻል የሚቆም የእንጨት መሥሪያ ነው አማራጩ። እዚህ ላይ ጅማ ዕድለኛ ናት፤ በበርጩማዋ የታወቀች የእንጨት ሥራ ከተማ ናት፣ አናጢ አታጣም። ሆኖም መሥሪያው ካልደረቀ ባሕር ዛፍ ከተሠራ በወራት ውስጥ ይጠማዘዛል፣ ጨርቁም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እንጨቱ ደርቆ ይገዛ፤ መሥሪያው ቆሞ ሲያልቅ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሁለቱም በኩል ይለካ፣ ልኬቱ እኩል ካልመጣ ገንዘብ አይከፈልበት።

የሚቆመው መሥሪያ ላይ በገመድ ተስቦ በራሱ የሚያልፍ መወርወሪያ መግጠም ይቻላል። እንግሊዛዊው ጆን ኬይ በ1733 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሐሳብ ነው። በእጅ ሲወረወር ስፋቱ በክንድ ርዝመት ይወሰናል፣ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል፤ ነጠላ ሁለት ፊት ተሰፍቶ የሚገጣጠመው ለዚህ ነው። በገመዱ መወርወሪያ አንድ ሜትር ተኩል ይደረሳል፣ ስፌቱ ይቀራል። ሥልጠና በተሰጠ ቁጥር ይህ መሥሪያ እንደ መድኃኒት ሲቀርብ ይታያል። ሜዳውን፣ ማለትም ጥለት የሌለበትን የጨርቁን ክፍል፣ ያፈጥናል፣ እውነት ነው። ጥለቱን ግን አንዲት ደቂቃ አያፈጥንም፣ ጥለት በጣት እየተለቀመ የሚገባ ነውና። የጋቢና የቡልኮ ሠሪ ቢገዛው ያዋጣዋል፤ የጥለት ባለሙያ በብድር ከገዛው ዕዳ ነው።

ሌላው የክረምት ችግር ሻጋታ ነው። ነጠላ ክር የሆነ ድር ጸጉሩ እንዲተኛ ቀጭን የዱቄት ሙቅ ይቀባል። ለአንድ ሊትር ውሃ 40 ግራም ያህል የስንዴ ዱቄት በደንብ ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ድሩ ይነከርበታል፣ ተጨምቆ፣ ክሮቹ ተለያይተው ተወጥሮ ይደርቃል። ከወፈረ ሲሠራ ይፈረፈራል፣ ክሩም ይሰበራል። ዱቄት ግን ለሻጋታ ምግብ ነው። ሙቅ የጠጣ ድር በሐምሌ አየር ሳምንታት ከከረመ ጥቁር ነጥብ ያወጣል፣ ነጥቡ ታጥቦ አይወጣም፣ ክሩንም ያበሰብሰዋል። ስለዚህ በክረምት የሚቀባው በአንድ ሳምንት የሚያልቀው ድር ብቻ ነው። የተጠናቀቀ ጨርቅም ከነሙቁ አይቀመጥ፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከመሬትም ከግድግዳም ራቅ ባለ መደርደሪያ ላይ ይደር።

ጨርቁ ላይ የሚነበበው

ጥሩ ጨርቅ ከመጥፎው የሚለየው በብርሃን ሲታይ ነው። ወደ መስኮት ተወጥሮ ሲታይ በስፋቱ ጥቅጥቅና ሳሳ ያለ ሰንበር ከታየበት ማጉን እየመታ የሚያጠጋው የመምቻው እጅ እኩል አልነበረም። ብዙ ጊዜ ሰንበሩ ሸማኔው ለምሳ ተነስቶ የተመለሰበት ቦታ ነው፤ ድሩ ተወጥሮ ስለቆየ የመጀመሪያዎቹ ማጎች ሌላ ቦታ ያርፋሉ። ከመነሳት በፊት ድሩን ማላላት፣ ሲመለሱ በቀስታ ጀምሮ ሦስት አራት ማግ መትቶ ማየት ያስቀረዋል። በርዝመቱ የሚሄድ መስመር ከሆነ ሁለት ክር በአንድ ቀዳዳ ገብቷል፣ ወይም አንድ ክር ተበጥሶ ሳይቀጠል ቀርቷል፤ ይህ መጀመሪያዎቹ አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ ካልታየ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቶ ወገብ ካወጣ ማጉ ጠብቆ ተስቧል። ማጉን ቀጥ አድርጎ ሳይሆን በትንሹ ሰያፍ አስተኝቶ መምታት፣ ጨርቁንም ጫፍና ጫፉ ላይ ሚስማር ባለው በትር መወጠር ነው መፍትሔው። አለበለዚያ የጠርዝ ክሮች መምቻው እያሸ ይበጥሳቸዋል።

ጥለቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚታየው ከታጠበ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጨርቁ ሙሽራዋ ቤት ነው። የሚያብረቀርቀው ሰው ሠራሽ ክር ብዙው ከተፈጨ እንጨት የሚሠራው ሬዮን ነው። ሬዮን እንደ ጥጥ ሲርስ አይጠነክርም፤ ጥንካሬው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ርሶ ከተጠመዘዘ ጥለቱ ይበጣጠሳል። በእጅ የተፈተለ ማግ ደግሞ በመጀመሪያው እጥበት ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊሸበሸብ ይችላል፤ ጥለቱ አብሮት እኩል ስለማይሸበሸብ ጠርዙ ይኮማተራል። ወርቃማና ብርማው ክር ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ ትኩስ ካውያ ያቀልጠዋል። ከሁሉ የሚያስቆጨው ቀለም መልቀቅ ነው፣ መከላከያው ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚፈጅ በመሆኑ። ከተገዛው ባለቀለም ክር አንድ ክንድ ያህል በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሙቅ የሳሙና ውሃ ለ30 ደቂቃ ይቀመጣል። ነጩ ከቀላ ወይም ከሰማየ ያ ክር ወደ ነጠላ አይገባም፣ ለሻጩ ይመለሳል። ይህ የሚቻለው ግን ክሩን የገዛው ሸማኔው ራሱ ሲሆን ነው።

የታተመው ጨርቅና ስም

አሁን ወደ ታተመው ጨርቅ እንመለስ። ገዢው ለይቶ ማወቅ ቢፈልግ አስቸጋሪ አይደለም። የታተመ ጥለት ጀርባው ደብዛዛ ነው፤ በእጅ የተለቀመ ጥለት ክሩ ሲዞርና ሲመለስ ጀርባው ላይ ይታያል። የእጅ ሸማ ጫፉ ላይ የሚቋጨው ዘርፍ የራሱ ድር ነው፣ ተሰፍቶ አልተጨመረም። ከጫፉ የተመዘዘ አንድ ክር በክብሪት ቢለኮስ ጥጥ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይደቅቃል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ነጥብ ይሆናል። ሆኖም ርካሹን እያወቀ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፣ ሊወቀስም አይገባም። ጉዳቱ ያለው የታተመው «የእጅ ሥራ» ተብሎ ሲሸጥ ነው።

ሕግ ይከልክልልን የሚል ጥያቄ ይነሳል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ኢንዱስትሪያዊ ንድፍን ይጠብቃል፣ ጥበቃውም ለ5 ዓመት ሆኖ የሚታደስ ነው። ቅድመ ሁኔታው ግን ንድፉ አዲስ መሆኑ ነው። ከአባት የወረሰ ጥለት አዲስ አይደለም፤ አንድ ሸማኔ ራሱ ያወጣውን ንድፍ ግን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ሊያስመዘግብ ይችላል። ለጅማ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላኛው መንገድ ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ማኅበር የጋራ የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ይችላል። ምልክቱ ጥለቱን ሳይሆን ስሙን ይጠብቃል። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር በቡና ስማቸውን ያስመዘገቡት በዚሁ ዓይነት አስተሳሰብ ነው። የጅማን ቡና ደግሞ ዓለም የሚያውቀው «ጅማ 5» በሚል ደረጃ ነው፤ ብዙ ይሸጣል፣ ስሙ ግን በጥራት አይጠራም። የጅማ ሸማ ከዚህ መማር አለበት። ምልክት ከመመዝገቡ በፊት ከኋላው የሚቆም መለኪያ ያስፈልገዋል፤ የድሩ ቁጥር፣ የማጉ ዓይነት፣ የቀለሙ ፍተሻ፣ የእጥበት መመሪያ። ሙያውን ማክበር ራሱ ረጅም መንገድ የመጣ ነገር ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሸማኔውንና ብረት ሠሪውን በሙያው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ ሸማው ላይ የሠሪው ስም ግን አሁንም የለም። ድሩን ያደራው፣ ማጉን የፈተለችው፣ ጥለቱን የለቀመው በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስማቸው ቢሰፋ ወጪው ከክሩ ብክነት ያነሰ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን ክሩን በራስ ገንዘብ ከመግዛት ነው፣ ለዚያ ደግሞ ጅማ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው መሣሪያ አለ፤ ዕቁብ። የተለመደው ዕቁብ በየሳምንቱ ለአንድ ሰው ይወጣል። የክር ዕቁብ ግን ለማንም አይወጣም። ገበያ ባለበት ጊዜ፣ ከኅዳር ጀምሮ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ 30 ሳምንት ያህል ይጣላል፤ በሰኔ መጀመሪያ ሁለት ሰው መርካቶ ሄዶ ለሁሉም ይገዛል። አሥር ሸማኔ እያንዳንዱ ለ100 ሜትር ድር ቢያዋጣ፣ በላይኛው ስሌት 40 ቁጥር ነጠላ ክር ለአንድ ሰው 1.7 ኪሎ፣ ለአሥሩ 17 ኪሎ ነው። አንድ ሰው ተሸክሞት አውቶቡስ ላይ ይወጣል። የወርቅ ሚዛኗን፣ የሳሙናውን ፍተሻና ነጠላ ወይስ ድርብ የሚለውን ጥያቄ ሱቁ በር ላይ የሚያደርጉት እነዚያ ሁለት ሰዎች ናቸው። ዳኛው የሚጠብቀው አንድ ደንብ ብቻ ነው፦ ገንዘቡ ለልቅሶም ለሠርግም አይነካም፤ ለዚያ ዕድር አለ።